የአረጋውያን የአፍ ንጽህናና የሳንባ ምች፦ ከጃፓን የእንክብካቤ ተቋማት የተገኘ ተሞክሮ

በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋም የሚኖሩ አዛውንት በሳንባ ምች ምክንያት ሲያርፉ በሞት ምስክር ወረቀታቸው ላይ የሚሰፍረው የበሽታው ስም ብቻ ነው። አፋቸው ለስንት ቀናት ሳይጸዳ እንደቆየ፣ ሌሊት ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን የሚያወልቅላቸው ሰው ስለመኖሩ፣ ከእራት በኋላ በጉንጫቸውና በምላሳቸው ላይ የቀረውን የምግብ ትርፍራፊ የጠረገላቸው ስለመኖሩ የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ላለፈው ሩብ ምዕተ ዓመት የተካሄዱ ጥናቶች ግን ይህ የማይጠየቅ ጥያቄ ከሞቱ ምክንያት ጋር የቀረበ ዝምድና ሊኖረው እንደሚችል ሲያመለክቱ ቆይተዋል።

ጉዳዩን በአገር አቀፍ ደረጃ የፖሊሲ አጀንዳ ካደረጉት አገሮች አንዷ ጃፓን ናት። ከሕዝቧ 29 በመቶ ያህሉ ዕድሜው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነባት ይህች አገር እ.ኤ.አ. በ2011 የሳንባ ምች ስትሮክን ቀድሞ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ሆኖባት ነበር። በበሽታው ከሚሞቱት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ የሚታመሙት ከሌላ ሰው በተላለፈ ተህዋስ ሳይሆን ከራሳቸው አፍ ወደ ሳንባቸው በወረደ ባክቴሪያ ነው።

የበሽታው አካሄድ ለማስረዳት የሚያስቸግር አይደለም። ጤናማ ሰው ምራቁን ሲውጥ ወይም ምግብ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ሲል ትን ይለዋል፤ ያስለዋል፤ የገባውም ይወጣል። ስትሮክ ያጋጠማቸው፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ወይም በአልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን ግን የመዋጥና የማሳል ኃይላቸው ይደክማል። በተለይ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ያለ ምንም ድምፅ ወደ ሳንባ ይወርዳል። አፉ ንጹሕ ከሆነ የሚወርደው ምራቅ ብዙ ጉዳት ላያስከትል ይችላል። ጥርስና ምላስ ላይ ለቀናት የተከማቸ ቆሻሻ ካለ ግን ከምራቁ ጋር የሚወርደው ባክቴሪያ በደከመው ሳንባ ውስጥ በቀላሉ ይራባል። ሕመሙ ትኩሳትና ሳል ሳይኖረው፣ በመደንገዝና ምግብ በመጥላት ብቻ ሊገለጥ ስለሚችል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ይህን ግንኙነት በጥናት ከፈተሹት መካከል ጃፓናዊው የጥርስ ሐኪም ታኬዮሺ ዮኔያማ እና ባልደረቦቻቸው በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ቡድኑ የመጀመሪያ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት፣ ዝርዝሩን ደግሞ በ2002 በአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር መጽሔት አሳትሟል። ጥናቱ በ11 የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት የሚኖሩ 417 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። በአንደኛው ቡድን የተመደቡት አረጋውያን ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ጥርሳቸውን በተንከባካቢ ሠራተኞች እንዲቦረሹ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ወይም የጥርስ ንጽህና ባለሙያ እንዲያያቸው ተደርጓል። ሌላው ቡድን እንደ ቀድሞው ራሱን በራሱ እንዲያጸዳ ተትቷል።

ውጤታቸው ከተመዘነው 366 ሰዎች መካከል እንክብካቤውን ካላገኙት 182 ሰዎች 34ቱ፣ ካገኙት 184 ሰዎች ደግሞ 21ዱ በሳንባ ምች ታመዋል። በበሽታው የሞቱት ካላገኙት ወገን 30፣ ካገኙት ወገን 14 ነበሩ። ቁጥሩ ከትልልቅ የመድኃኒት ጥናቶች አንጻር አነስተኛ ነው። የትኛው አረጋዊ በየትኛው ቡድን እንዳለ ሠራተኞቹ ያውቁ ስለነበርም ጥናቱ ከትችት አላመለጠም። ያም ሆኖ ሞትን በግማሽ ያህል የቀነሰው ሥራ የጥርስ ብሩሽ፣ አንድ ኩባያ ውሃና የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ብቻ የጠየቀ መሆኑ የበርካታ አገሮችን የጤና ባለሥልጣናት ትኩረት ስቧል።

በጥናቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ግኝት አለ። አንድም ጥርስ ያልቀራቸው አረጋውያንም ከእንክብካቤው ተጠቅመዋል። ጥርስ የሌለው አፍ ጽዳት አያስፈልገውም የሚለው አስተሳሰብ በተንከባካቢዎችም በቤተሰብም ዘንድ የተለመደ በመሆኑ ግኝቱ ከፍተኛ ትርጉም አለው። ባክቴሪያው የሚኖረው በጥርስ ላይ ብቻ አይደለም፤ በምላስ፣ በላንቃና በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይም ይኖራል። ተመራማሪዎች ሌላም ማብራሪያ ያቀርባሉ። አፍ በየቀኑ ሲዳሰስና ሲታሽ የመዋጥና የማሳል ስሜት ይነቃቃል ይላሉ።

ሰው ሠራሽ ጥርስን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ የጃፓን ጥናት ይበልጥ ግልጽ ውጤት አሳይቷል። በቶኪዮ የሚኖሩና ዕድሜያቸው 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 524 ሰዎች ለሦስት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው አውልቀው ከሚተኙት በእጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ማታ ማውለቅ፣ በብሩሽ ማጠብ፣ በንጹሕ ዕቃ ማኖር፤ ሥራው ይኸው ነው። ዕቃው ላይ ስም መጻፍም መዘንጋት የለበትም። ብዙ ሰዎች አብረው በሚኖሩበት ተቋም የአንዱ ጥርስ ከሌላው ጋር መቀያየሩ እንግዳ ነገር አይደለም።

የጃፓን መንግሥት ጉዳዩን የያዘው ከሁለት አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያው ሰዎች ወደ እርጅና ከመድረሳቸው በፊት የሚሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጤና ሚኒስቴሩ ከጃፓን የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ጋር በመሆን «8020» የተሰኘውን ዘመቻ ጀመረ፤ ትርጉሙም በ80 ዓመት ዕድሜ 20 የራስን ጥርስ ይዞ መገኘት ማለት ነው። ሃያ ጥርስ የተመረጠው አብዛኛውን ምግብ ለማኘክ በቂ ነው ተብሎ ስለታመነበት ነው። ዘመቻው ሲጀመር ግቡን የሚያሟሉ አዛውንት ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የጥርስ በሽታዎች ቅኝት ግን ግማሽ የሚሆኑት፣ ማለትም 51.2 በመቶ ያህሉ ደርሰውበታል። በሕዝብ ጤና ታሪክ ግቡን አስቀድሞ በቁጥር አስታውቆ፣ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሳይለዋውጥ ይዞ የቆየና በመጨረሻም የደረሰበት ዘመቻ ብዙ አይደለም።

ሁለተኛው አቅጣጫ የገንዘብ ምንጩን የሚመለከት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣችው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ሕግ በሚያዝያ 2000 ሥራ ላይ ውሏል። ዕድሜው 40 ዓመት የሞላው ነዋሪ ሁሉ በግዴታ አረቦን ይከፍላል፤ የወጪው ግማሽ ከአረቦኑ፣ ግማሹ ከመንግሥት ግብር ይሸፈናል፤ ተጠቃሚው ሲጀመር የአገልግሎቱን ዋጋ አንድ አሥረኛ ይከፍል ነበር፤ በኋላ ገቢያቸው ከፍ ያለ ተጠቃሚዎች ድርሻቸው እንዲጨምር ተደርጓል። በ2006 በተደረገው ማሻሻያ የአፍን አሠራር ማሻሻል ከመከላከያ አገልግሎቶች አንዱ ሆኖ በሕጉ ማዕቀፍ ውስጥ ገባ። ተቋማት ከጥርስ ባለሙያ ጋር ተቀናጅተው ለሚሠሩት ሥራ ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኙበት ሥርዓትም እየሰፋ ሄደ። በ2021 ደግሞ የነዋሪዎችን የአፍ ንጽህና መጠበቅ ለተቋማቱ ተጨማሪ ክፍያ የሚያስገኝ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የመሠረታዊ አገልግሎታቸው አካል እንዲሆን ተወሰነ። ለዝግጅትም እስከ 2024 የሦስት ዓመት የሽግግር ጊዜ ተሰጠ።

ይህ የአሠራር ቅደም ተከተል የአስተዳደር ሰዎችን ትኩረት የሚሻ ነው። መንግሥት በመጀመሪያ ሥራውን በክፍያ አበረታታ። ባለሙያና ልምድ ሲፈጠር፣ ተቋማቱም መሥራት እንደሚችሉ ሲረጋገጥ ሥራውን ግዴታ አደረገው። ግዴታው ከሁሉ አስቀድሞ ቢመጣ ኖሮ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሟላ መመሪያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነበር።

የጃፓን ስኬት ግን ያልታሰበ ችግርም ይዞ መጥቷል። ከአርባ ዓመት በፊት ወደ መንከባከቢያ ተቋም የሚገቡ አዛውንት አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ አልባ ነበሩ፤ ተንከባካቢው ሰው ሠራሹን ጥርስ አውልቆ ካጠበ ድድና ምላስን መጥረግ ብቻ ይቀረው ነበር። ዛሬ የሚገቡት ሃያና ከዚያ በላይ ጥርስ፣ በውስጡም የተሞላ፣ የተሸፈነና እርስ በርሱ የተያያዘ ጥርስ ይዘው ነው። ድዳቸው በዕድሜ ስለሚሸሽ የጥርሱ ሥር ይገለጣል፤ ሥሩ እንደ ጥርሱ አናት ጠንካራ ሽፋን ስለሌለው በፍጥነት ይበሰብሳል። ለደም ግፊት፣ ለድብርት፣ ለአለርጂና ለሌሎች ሕመሞች የሚወሰዱ በርካታ መድኃኒቶች ምራቅን ይቀንሳሉ፤ ምራቅ ሲደርቅ ደግሞ ጥርስ የተፈጥሮ መከላከያውን ያጣል። በዚህ ላይ የመርሳት በሽታ ሲጨመር ለስልሳ ዓመት በጥንቃቄ የተያዘ አፍ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ጥርስን ማቆየት ግማሹ ሥራ ነበር። ቀሪው ግማሽ ባለቤቱ ሲደክም ማን ይንከባከበው የሚለው ነው።

ከጃፓን ውጭ የተገኙት ውጤቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በ36 ተቋማት የሚኖሩ 834 ሰዎችን ያካተተና በ2015 የታተመ ጥናት በቀን ሁለት ጊዜ ጥርስን መቦረሽን፣ ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጸረ ተህዋስ ፈሳሽ አፍን ማጽዳትንና በምግብ ጊዜ ቀና አድርጎ ማስቀመጥን በአንድነት ሞክሯል። በሳንባ ምች ስርጭት ላይ ልዩነት ሊያሳይ ባለመቻሉም ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል። በሰሜን ካሮላይና በ14 ተቋማት ከ2 ሺህ 100 በላይ ነዋሪዎችን የሸፈነውና በ2020 የታተመው ጥናት ደግሞ ሠራተኞችን በልዩ ሁኔታ አሠልጥኖ በመጀመሪያው ዓመት ግልጽ መሻሻል ሲያስመዘግብ በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ልዩነቱ ጠብቦ ተገኝቷል።

እነዚህ ውጤቶች የጃፓኑን ጥናት ውድቅ ያደርጋሉ ብሎ መደምደም የሚቻል አይመስልም። በጃፓኑ ጥናት በየሳምንቱ እየመጣ የአረጋውያኑን አፍ የሚያይ ባለሙያ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላም ይቦረሽ ነበር። በኮነቲከቱ ጥናት ሥራው ያተኮረው በቀን ሁለት ጊዜ በሚሰጥ እንክብካቤና በፈሳሹ ላይ ነበር። የሰሜን ካሮላይናው ውጤት ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንግዳ አይሆንም። ሥልጠና ይሰጣል፤ ሠራተኛው በጋለ ስሜት ይጀምራል፤ ወራት ሲያልፉ የሠለጠነው ይለቃል፣ ተቆጣጣሪው ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል፣ ሥራውም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የጥናቶቹ ልዩነት የሚያስተምረው ስለ ብሩሹ ሳይሆን ስለ ክትትሉ ነው ማለት ይቻላል። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግሙ አካላትም በባለሙያ የሚሰጥ የአፍ እንክብካቤ በሳንባ ምች የሚደርሰውን ሞት ሊቀንስ እንደሚችል፣ ማስረጃው ግን ገና ጠንካራ እንዳልሆነ አስገንዝበዋል።

ከሳንባ ምች ጋር ያለው ግንኙነት እስከ መጨረሻው ባይረጋገጥ እንኳ የአረጋውያንን የአፍ በሽታ መከላከል ራሱን ችሎ የሚቆም ምክንያት አለው። አፉ የሚያመው አዛውንት አይበላም፤ ያልበላም ይደክማል። መናገር የተሳነው የመርሳት በሽታ ታማሚ የጥርስ ሕመሙን የሚገልጸው በመጮህ፣ ሳህን በመግፋት ወይም ተንከባካቢውን በመማታት ሊሆን ይችላል። ይህም እንደ ጠባይ መበላሸት ተቆጥሮ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንዲታዘዝ ምክንያት ይሆናል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ምራቅን ይበልጥ ያደርቃሉ። አዙሪቱ የሚሰበረው አንድ ሰው የአረጋዊውን አፍ ከፍቶ ሲመለከት ብቻ ነው።

በእንግሊዝ የሆነውም መመሪያ ማውጣትና መመሪያ መፈጸም ምን ያህል እንደሚራራቁ ያሳያል። የአገሪቱ የጤናና የእንክብካቤ ልህቀት ተቋም በ2016 ባወጣው መመሪያ እያንዳንዱ ነዋሪ ወደ ተቋም ሲገባ አፉ እንዲታይ፣ ውጤቱ በግል የእንክብካቤ ዕቅዱ ላይ እንዲሰፍር፣ ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እንዲቦረሽ አዟል። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2019 የእንክብካቤ ጥራት ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ 100 ተቋማትን ጎብኝቶ ባወጣው ሪፖርት 52 በመቶዎቹ የነዋሪዎችን የአፍ ጤና የሚያራምድ ፖሊሲ እንደሌላቸው፣ 47 በመቶዎቹ ለሠራተኞቻቸው በዘርፉ ምንም ሥልጠና እንደማይሰጡ አመልክቷል። ከተመረመሩት የእንክብካቤ ዕቅዶች 73 በመቶዎቹ የአፍ ጤናን ጨርሶ አያነሱም ወይም የሚያነሱት በከፊል ብቻ ነበር። እንግሊዝ የጥርስ ሐኪም፣ ብሩሽም ሆነ የጥርስ ሳሙና የምታጣ አገር አይደለችም።

ለዚህ ክፍተት የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት የጊዜ ማጣት ነው። ምክንያቱ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ተንከባካቢ ሠራተኞች ከገላ ማጠብና ልብስ ከመቀየር ይልቅ የሌላን ሰው አፍ ማጽዳትን እንደሚጸየፉና እንደሚፈሩ በተለያዩ አገሮች የተካሄዱ ጥናቶች ያሳያሉ። መነከስን ይፈራሉ፤ ማሳመምን ይፈራሉ፤ አዛውንቱ አፋቸውን ሲዘጉ ደግሞ ማስገደድ ነውር ስለሚመስላቸው ይተዉታል። ባለሙያዎች የሚመክሩት መላ ቀላል ነው። ከፊት ቆሞ ከላይ ወደ ታች ከመመልከት ይልቅ በጎን በኩል በቁመታቸው ልክ ዝቅ ማለት፣ ስማቸውን ጠርቶ የሚሠራውን አስቀድሞ መንገር፣ ብሩሹን በእጃቸው አስይዞ እጃቸውን መደገፍ፣ እምቢ ካሉ ትቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መመለስ። መዋጥ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ የጥርስ ሳሙናውን መጠን አሳንሶ፣ ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ይገባል።

የመከላከያ መሣሪያዎቹም ቢሆኑ ውድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሻሻለው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙናን፣ በመበስበስ ላይ ያለን ጥርስ ያለ መሰርሰሪያ ባለበት የሚያስቆመውን ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለ ፈሳሽንና ግላስ አዮኖመር የተሰኘ የጥርስ መሙያን አካቷል። ፈሳሹ የተበላሸውን ቦታ ያጠቁረዋል። ለወጣት ይህ ጉዳት ሊሆን ይችላል። አልጋ ላይ ለዋሉና ወደ ሕክምና ወንበር መውጣት ለማይችሉ አዛውንት ግን በመኝታ ክፍላቸው ሊደረግላቸው ከሚችሉ ጥቂት ሕክምናዎች አንዱ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ጉዳዩ መልኩን ይለውጣል። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከሕዝቡ አምስት በመቶ ያህል ቢሆኑም በቁጥር ሲታዩ ሚሊዮኖች ናቸው። አብዛኞቹም የሚጦሩት በቤታቸው፣ በልጆቻቸውና በዘመዶቻቸው እጅ ነው። ቤተሰብ የሌላቸውን ተቀብለው የሚንከባከቡ እንደ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉ ተቋማት አሉ። መቄዶንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ወዲህ ከጎዳና ያነሳቸው ሰዎች ብዛት የችግሩን ስፋት ይጠቁማል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንደሚያደርግ ደንግጓል። የአፍሪካ ኅብረትም የአረጋውያንን መብት የሚመለከት ፕሮቶኮል በጥር 2016 በአዲስ አበባ አጽድቋል።

ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ለአፍ ንጽህና እንግዳ አይደሉም። የወይራና የክትክታ መፋቂያ ከብሩሽ በፊት የነበረ፣ ዛሬም በየመንገዱ የሚሸጥ ነው። መፋቂያ በአግባቡ ለተጠቀመበት ጥርስን እንደሚያጸዳ የዓለም ጤና ድርጅትም የተቀበለው ጉዳይ ነው። ነገር ግን መፋቂያ የባለቤቱን እጅና የባለቤቱን ትዕግሥት ይጠይቃል። በስትሮክ ቀኝ እጃቸው የሰነፈ አዛውንት ለሃምሳ ዓመት ሲፍቁበት የኖሩትን እንጨት መያዝ ሲሳናቸው ልማዱ በዚያው ይቋረጣል። ሌላ ሰው መፋቂያ ይዞ እንዲፍቅላቸው ማድረግ አስቸጋሪ ከመሆኑም በላይ ድድን ሊያቆስል ይችላል፤ ለስላሳ ብሩሽ ወይም በንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ የሚመረጠው በዚህ ጊዜ ነው። በእጁ ጠቅልሎ በሰው አፍ ማጉረስን የፍቅር መግለጫ ያደረገ ኅብረተሰብ ያንኑ አፍ ከምግብ በኋላ ለማጽዳት የሚያፍርበት ምክንያት ጠንካራ አይመስልም። በአብዛኛው የሚጎድለው ፈቃድ ሳይሆን እንደሚያስፈልግ ማወቅ ነው።

ይህን እውቀት ወደ ቤተሰብ የሚያደርስ መዋቅር አገሪቱ አላት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ባለሙያ ያሠማራ ሲሆን የግል ንጽህና ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ጥቅሎቹ አንዱ ነው። የቤት ለቤት ጉብኝቱ ትኩረት እናቶችና ሕፃናት መሆናቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያው ቤት ማዕዘን የተኙትን አያት አፍ ለማየት የተለየ በጀት አያስፈልግም። በ2011 በሙከራ ደረጃ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በበኩሉ ሰው ሠራሽ ጥርስን ከሽፋኑ ውጭ ካደረጋቸው አገልግሎቶች መካከል ቆጥሮታል። ውሳኔው ከገንዘብ አቅም አንጻር የሚገባ ቢሆንም ውጤቱ ጥርሱ የረገፈ አርሶ አደር ምትክ ለማግኘት ሙሉ ወጪውን ከኪሱ መክፈሉ ነው። መንቀል በሽፋኑ ውስጥ፣ መተካት ከሽፋኑ ውጭ በሆነበት ሥርዓት ከሁሉም የሚረክሰው መከላከል ይሆናል።

ኢትዮጵያውያን ከዚህ ሥራ ጋር የሚገናኙበት ሌላም መንገድ አለ። በቤት ሠራተኝነት ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ ሊባኖስ ከሄዱት ሴቶች ብዙዎቹ የአሠሪዎቻቸውን ወላጆች ይንከባከባሉ። በዋሽንግተንና አካባቢዋ በመንከባከቢያ ተቋማት በረዳት ነርስነት የተሠማሩ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። በ2016 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ተጓዦች ለሚሠማሩበት ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ ጠይቋል። በማሠልጠኛዎቹ የአረጋዊን አፍ ማጽዳት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አውልቆ ማጠብና የአፍ ቁስልን ለይቶ ማሳወቅ በተግባር ቢሰጥ ሠልጣኞቹ በባዕድ አገር የሚያገኙትን ክብርና ደመወዝ ከፍ ከማድረጉም በላይ ሲመለሱ የአገራቸውን አረጋውያን የሚጦር የሠለጠነ እጅ ይሆናሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት የአፍ በሽታዎች 3.5 ቢሊዮን የሚገመት ሕዝብ እንደሚያጠቁ ገልጿል። አባል አገሮችም በ2021 የአፍ ጤናን የሚመለከት ውሳኔ፣ በ2022 ደግሞ ዓለም አቀፍ ስትራቴጂ ተቀብለዋል። ከ2023 እስከ 2030 የሚቆየው የድርጊት መርሐ ግብር በ2030 ከዓለም ሕዝብ 80 በመቶው መሠረታዊ የአፍ ጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዲኖረው ግብ አስቀምጧል። ግቡ የሚለካው በአገር ደረጃ ነው። በተቋም ደረጃ ሲታይ ግን የሚያስፈልገው ከዚህ ያነሰ ነው። ነዋሪው ሲገባ አፉን ማየት፣ ያዩትን መጻፍ፣ በየዕለቱ የሥራ መቆጣጠሪያ ቅጽ ላይ ከገላ ማጠብና ከአንሶላ መቀየር ጎን «የአፍ ንጽህና፦ ጠዋት፣ ማታ» የሚል አንድ መስመር መጨመርና ከሠራተኛው ፊርማ በኋላ ብሩሹ በእርግጥ እርጥብ መሆኑን የሚያይ ኃላፊ መመደብ ነው።